ለመሰማት የሚታረድ በግ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከሰው አገር የመጣ። ስሙ ምን ያደርግልሃል፤ የመንደሩ ሰዎችም በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «መጤው» ነው የሚሉት።

አንተ ቃልአብ፣ የወንድሜ ልጅ፣ እሑድ ደውለህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። በምትሠራበት መስኮት የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት ማመልከቻ የሚያስገባው ሰው የሚከፍለው በየዓመቱ እየናረ ነው፤ ሰዉ እያለቀሰ ይከፍላል፤ ተቀባዩ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይሄ ነገር ልክ ነው ወይ አልከኝ። ስለ ሕጉ እኔ ምን አውቃለሁ። ስለ መጤው ገበሬ ግን አውቃለሁ። ስማ።

ይህ ሰው ከአገሩ የወጣው ተራራ ተንዶ ማሳውን ስለ ዋጠበት ነው። ሚስቱንና የስድስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ፣ አንዲት ላም እየነዳ፣ ሦስት ቀን ተጉዞ አንድ መንደር ደረሰ። መንደሩ በአንድ ቦይ የሚኖር ነበር። አባቶቻቸው ወንዙን ከላይ ጠልፈው፣ አለቱን በመዶሻም በጥፍርም ፈልፍለው ያመጡት ቦይ ነው። በበጋ ሌላው አገር እንደ ቆዳ ሲደርቅ የነሱ ሽንኩርትና ጌሾ ይለመልማል። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። መጤውን አይተው አዘኑለት፤ ከመንደሩ ጫፍ፣ ከቦዩ በታች፣ ማንም ያልፈለገውን ድንጋያማ መሬት ሰጡት። ዝናብ ያብቅልልህ ብለው መረቁት።

ዝናብማ ለማንም ይዘንባል። ቁም ነገሩ ተራው ነው። በዚያ መንደር ቦዩ የሚከፈተው በተራ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ለእገሌ፣ ሰኞ ከሰዓት ለእገሊት እየተባለ። ተራውን የሚያከፋፍለው መንደሩ የመረጠው አንድ ሽማግሌ ነው፤ የውሃ አባት ይሉታል፤ ሰዓቱን የሚያውቀው ጥላውን በእግሩ እየለካ ነው። እና ተራ ያለው ሰው የመንደሩ ሰው ነው፤ ሸንጎ ላይ ይናገራል፤ ሲሞት መሬቱን ለልጁ ያወርሳል። ተራ የሌለው ስንት ዓመት ቢኖር እንግዳ ነው። የሞተ ዕለት መሬቱ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ሚስቱና ልጁ ዕቃቸውን ተሸክመው ይወጣሉ።

መጤው ይህን ያወቀው በመጣ በሳምንቱ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳይሞት ተራ ማግኘት። ምክንያቱም ደረቱን ያመው ነበር። ተራራው በተናደ ጊዜ የዋጠው አቧራ አልወጣለትም፤ ሌሊትና ቀን ያስለዋል።

ሕጉ «ሦስት ዓመት ቦይ የጠረገ መጤ ተራ መጠየቅ ይችላል» ይላል። ጠረገ። ዝናቡ ሲያባራ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ደለሉን በአካፋ ያወጣል፤ ሣሩን ይነቅላል። መጤው ቀድሞ ይገባል፤ ሌላው ሰው እግሩን ታጥቦ ሲሄድ እሱ ገና ጭቃ ውስጥ ነው። የማይጠጣውን ውሃ መንገድ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠረገ። ማንም «ይሄ ያንተ አይደለም፤ ውጣ» አላለውም። ሥራ ላይማ እንግዳ የሚባል ነገር የለም።

ሦስቱ ዓመት ሲሞላ ወደ ውሃ አባቱ ሄደ። የውሃ አባቱ ጥሩ ሰው ነበር፤ አስቀመጠው፤ አናገረው፤ ከዚያ ለመሰማት አንድ በግ እንደሚያስፈልገው ነገረው።

እዚህ ላይ ልንገርህ፤ ድሮ በግ አልነበረም። ድሮ ዶሮ ነበር። አንድ ሰው ተራ ሲጠይቅ አምስት ሽማግሌ ሥራውን ፈትቶ ይቀመጣል፤ ምስክር ይሰማል፤ መሬቱን ሄዶ ያያል። ያ ሁሉ ሰው ጦሙን ይዋል? አይዋልም። ጠያቂው አንድ ዶሮ ያመጣል፤ ወጥ ይሆናል፤ በልተው ይፈርዳሉ። ማንም አልተበደለም፤ እኔም ብሆን ዶሮዬን አቅፌ እሄድ ነበር። ኋላ አንዱ ሽማግሌ ዶሮ ለአምስት ሰው ምን ይበቃል፣ እግሩ ለማን፣ ፈረሰኛው ለማን ብሎ አጉረመረመ፤ ሁለት ዶሮ ሆነ። ኋላ ጠቦት ሆነ። መጤው በደረሰበት ጊዜ ቀንዱ የዞረ አውራ በግ ሆኗል። ከዚያ ያነሰ አንቀበልም፤ የመንደሩን ክብር ይነካል ይላሉ። የመንደር ክብር በበግ ቀንድ ሲለካ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔም አልሰማሁ።

ደግሞ በጉ ለውሃው አይደለም፤ ይህን ልብ በልልኝ። በጉ ለመሰማት ነው። ተሰምተህ «እምቢ» ብትባል በጉ ተበልቷል። ተሰምተህ «ቆይ እስቲ» ብትባልም በጉ ተበልቷል።

መጤው አመጣ። ልጁ ከእጇ ጨው እያላሰች ያሳደገችው በግ ነበር፤ እሷ እያለቀሰች እሱ እየሳለ ነዱት። ሽማግሌዎቹ ነገር ከሚሰሙበት ሾላ ሥር ተቀመጡ፤ በጉ ታረደ፤ ተበላ። አፋቸውን ካበሱ በኋላ ምስክር አለህ ወይ አሉት። ሁለት ሰው አቆመ። ሦስት ነው የሚያስፈልገው አሉት። ሦስት መሆኑን ቀድሞ የነገረው የለም። ለከርሞ ና ተባለ።

ለከርሞ ሦስት ምስክርና ሌላ በግ ይዞ ሄደ። በጉ ተበላ። ከዚያ ሁለቱ ምስክሮች ወንድማማች መሆናቸው ትዝ አላቸው፤ ወንድማማች እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጠር አሉት። በሦስተኛው ዓመት ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች አገኘ፤ እንዲያውም ሁለቱ የተጣሉ ናቸው፤ ጎን ለጎን አንቀመጥም ብለው ያስለመኑት። ያን ዕለት ደግሞ ከአምስቱ ሽማግሌ አንዱ ክርስትና ተጠርቶ ቀረ። አራት ሰው መፍረድ አይችልም አሉ። አራት ሰው መፍረድ አይችልም፤ መብላት ግን ይችላል። በአራተኛው ዓመት ሁሉም ተሟላ፤ ግን መሬቱን ያየው ሽማግሌ ሞቶ ስለ ነበር እንደገና ይታይ ተባለ። በአምስተኛው መሬቱ ታየ፤ ታይቶ ደግሞ ድንበሩ ላይ ያለችው ግራር የማን ናት የሚል ነገር ተነሣ። አንዲት ግራር። ፍየል እንኳ ንቃ የተወቻት ግራር።

ሚስቱ ምላሷ አያርፍም ነበር። ባሏ ባዶ እጁን በተመለሰ ቁጥር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ትቆማለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው በአምስተኛው ዓመት፣ «እነዚህን ሽማግሌዎች እኮ እያደለብናቸው ነው። ዘንድሮስ እነሱን አርደን ብንበላ ይሻለናል።»

እሱ ስቆ ስቆ ሳሉ እስኪነሣበት ድረስ ሳቀ። ግን አልተቀየማቸውም። አባቶቻቸው በጥፍራቸው የቆፈሩት ነው፤ እኛ የደረስነው ባለቀ ነገር ላይ ነው፤ ብንከፍል ምን አለበት ይላት ነበር። ጥፋቱን የሚፈልገው ከራሱ ነበር። ምስክር አጎደልኩ፤ ወንድማማች አመጣሁ፤ ግራሯን ሳልቆርጥ ቀረሁ። እንዲህ እያለ ራሱን ሲወቅስ ልጁ አሥራ አምስት ዓመቷ ሆነ፤ እሱም ዳገት መውጣት አቃተው።

ስድስተኛው ዓመት መጣ። በረቱ ውስጥ በግ አልቋል። የላሟን ጥጃ ሸጦ አንድ ትልቅ አውራ በግ ገዛ፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ አልደርስም ብሎ አስቧል። ግራሯንም ቆርጧታል። ምስክሮቹን አስከትሎ፣ በየሃያ እርምጃው ቆሞ እየተነፈሰ፣ ሾላው ጋ ደረሰ። ከሱ ሌላ ሁለት መጤዎች በጋቸውን ይዘው ሾላውን በከበበው አጥር በር ላይ ቆመዋል። በመንደሩ ዙሪያ ሃያ የሚሆን መጤ ቤት ነበርና በየወሩ ተረኛ አይጠፋም።

በሩ ላይ የቦይ ጠባቂው ነበር። ይህ ሰው ቀን ከሌት ቦዩን የሚዞር ነው፤ ከብት እንዳይረግጠው፣ ጃርት እንዳይቦረቡረው ይጠብቃል። ደግና ሳቂታ ሰው ነው። መጤውን ይወደዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሸክሙን ያግዘዋል። የበጉን ወገብ ጨበጥ፣ ላቱን ከፍ አድርጎ አየና ፊቱ በራ።

«ዘንድሮም ሳትጠፋ መጣህልኝ» አለው። «ይሄንማ አያርዱትም፤ ተሽጦ ለኔ ነው የሚሆን። የክረምት እህሌ ካንተ ነው። እግዜር ጉዳይህን አያስጨርስብኝ።»

ከልቡ ነው የመረቀው፤ ክፋት የለውም። እጁን የበጉ ጀርባ ላይ እንዳደረገ ነው።

መጤው ቆመ። «ያንተ እህል ከመንደሩ ቁና አይደለም እንዴ? እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቁና ያዋጣልሃል ሲባል ሰምቻለሁ» አለው።

«ድሮ ነበር» አለ ጠባቂው። «እናንተ ከበዛችሁ ወዲህ ማን ቁና ያዋጣል? ከምታመጡት በግ ግማሹ ይበላል፤ ግማሹ ይሸጥና ለኔ ይሆናል። እናንተ እያላችሁ መንደሩ ለምን ይቸገራል?»

እንግዲህ መጤው ፊደል የቆጠረ ሰው አይደለም፤ ግን ማሰብ ፊደል አይጠይቅም። እኔ ዛሬ ተራ ባገኝ፣ ብሎ አሰበ፣ ለከርሞ በግ አላመጣም። ሃያው ቤት ተራ ቢያገኝ ለከርሞ አንድም በግ አይመጣም። ያኔ መንደሩ ከየጎተራው ቁና ሊያወጣ ነው። ታዲያ ማን ወዶ ይፈርድልኛል? ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፋቴ ምንድን ነው ሲል ኖሮ ጥፋቱ ያን ጊዜ ታየው። ጥፋቱ ጥሩ ጥሩ በግ ማምጣቱ ነበር።

የበጉን ቀንድ ያዘና ፊቱን ወደ መጣበት አዞረው።

የውሃ አባቱ ከሾላው ሥር አየውና ወዴት ነው ብሎ ተጣራ።

«በጉ ውሃ ጠማው» አለ መጤው፣ መንገዱን ቀጠለ።

ሁለቱ መጤዎች ተያዩ። ተከትለውት ሄደው ምን እንደ ሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ለካ እነሱም ጥፋታቸውን ሲፈልጉ የኖሩ ናቸው፤ አንዱማ አራስ ሚስቱ በምስክሮቹ ፊት ስላስነጠሰች ይመስለው ነበር። በጎቻቸውን መልሰው ነዱ። በሳምንቱ ሃያው ቤት ሁሉ ሰማ።

ሚስቱ በር ላይ ነበረች። ተራ ይዘህ መጣህ ወይ አለችው። በጉን ይዤ መጣሁ አላት። ነገሩን ሲነግራት መሬት ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች፤ ወይ እግዜር ጉዳይህን አያስጨርስ እያለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እሺ አንተ ስትሞት ልጅቷ የት ትግባ? በበጉ ሆድ ውስጥ?»

በጉን አሰረና ተቀመጠ። ደጅ ሲጠና ቢያንስ ተስፋ ነበረው፤ አሁን ግን በጉን ይዞ ተስፋውን ጥሎ ተመልሷል። ልክ ሠርቶ እንደ ሆነ አላወቀም፤ ልጁ ለበጉ ሣር ስታቀርብ ያያል።

አንድ ወር አለፈ። ሾላው ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ የመጣ የለም። ጥላው ዞረ፤ ተራቡ፤ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሁለተኛው ወርም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ እነዚህ መጤዎች ጠገቡ እንዴ አሉ። ልብ አድርግ፤ የጠገቡት እነሱ ሆነው ሳለ።

የቦይ ጠባቂው የጎተራውን ታች ማየት ጀመረ። እህል ሲያልቅበት ለቀን ሥራ ሌላ መንደር ወረደ። ያኔ ከብቱ ቦዩን ረገጠው፤ ጃርቱ ጎኑን ቦረቦረው። ውሃው መንገድ ላይ እየሰረገ የመንደሩ ግማሽ ሽንኩርት ጠወለገ። የውሃ አባቱ ቤት ለቤት ዞሮ እንደ ድሮው አንድ አንድ ቁና አዋጡ ብሎ ለመነ። ጎልማሶቹ ደነገጡ፤ አባቶቻቸው ቁና ያዋጡ እንደ ነበር እንኳ አያውቁም። የምን ቁና፣ ጠባቂው በበጉ አይደል የሚኖረው፣ መጤዎቹን ጥራቸው አሉት። አየህ፤ የራሳቸውን ቦይ ሌላ ሰው እንደሚያኖርላቸው ከመልመዳቸው የተነሣ ባለቤትነቱን እንጂ ሸክሙን አያስታውሱም። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። የሰውን ጫንቃ ትለምድና ጫንቃው ዞር ሲል «ማን ጣለኝ» ትላለህ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የውሃ አባቱ ወደ መጤው ቤት ወረደ። በስድስት ዓመት ውስጥ መጥቶ አያውቅም። መጤው ከተኛበት ተነሥቶ መደቡን ለቀቀለት፤ ውሃ ሰጠው። ያውም ሚስቲቱ ከወንዝ በእንስራ የቀዳችውን።

የውሃ አባቱ ጠጣና ጉሮሮውን ጠረገ። «ምነው ጠፋህ? ሰው ቢከፋው ቤቱን ይረሳል?» አለው።

«የቱን ቤት፣ አባቴ?»

«ደጃችንን ነው የምልህ።»

«ደጁንማ ስድስት ዓመት አውቄዋለሁ። የማላውቀው ቤቱን ነው።»

የውሃ አባቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በግ ከብዶህ ከሆነ ላንተ ሲባል ጠቦትም እንቀበላለን አለው። ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሰማች።

«ረከሰ ማለት ነው?» አለች። «እንግዲያው ትንሽ እንቆይ፤ ወደ ዶሮ መውረዱ አይቀርም።»

መጤው በእጁ ዝም አሰኛት። ከዚያ በዝግታ፣ በየቃሉ እየተነፈሰ፣ ተናገረ።

«አባቴ፣ እኔ ወደ እርስዎ ስመጣ ውሃ የምለምን ይመስለኝ ነበር። ለካ የናንተ ውሃ እኔ ነኝ። እኔ ከገባሁ ቦያችሁ ይደርቃል። ስለዚህ አታስገቡኝም፤ እኔም አልፈርድባችሁም። ግን እየደረቅሁ ነው፤ ያዩኛል። ከዚህ ሌላ የሚቀዳ የለኝም።»

«ይህን ማን ነገረህ?» አለ የውሃ አባቱ።

መጤው ጠባቂውን አሳልፎ አልሰጠውም። «አንድ የሚወደኝ ሰው መረቀኝ» አለ፣ «ከምርቃቱ ነው የሰማሁት።»

የውሃ አባቱ ብዙ ተቀመጠ። በአእምሮው ስድስቱን ዓመት ዞረባቸው፤ ሦስተኛውን ምስክር፣ ወንድማማቾቹን፣ ክርስትናውን፣ ግራሯን። አንዳቸውንም በተንኮል አላደረገም፤ ያን ጊዜ ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ይመስሉት ነበር። ሆድ እኮ ዳኛን የሚያታልለው እንዲህ ነው፤ «ጉቦ ብላ» አይለውም፤ «ነገሩን በደንብ መርምር» ነው የሚለው። ተነሣ፤ ደህና ዋል እንኳ ሳይል ወጣ።

በማግስቱ ሸንጎ ጠራ። ብዙ ውሃ ያለው አንድ ሀብታም ሰው ቀድሞ ተነሥቶ ቦዩን የቆፈሩት አባቶቻችን ናቸው፤ የፈለገ ይክፈል፤ ያልፈለገ ወደ መጣበት ይመለስ አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ሰውየው ሐሰት አልተናገረም፤ አባቶቻቸው ቆፍረዋል።

«ለአባቶቻችን ጥፍር ከሆነ» አለ የውሃ አባቱ፣ «ውሃውን የሰጠነው ዕለት እናስከፍለው። እኛ የምናስከፍለው ለከለከልንበት ነው። እኔ አምስት ዓመት የዚያን ሰው በግ በልቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም።»

ጭቅጭቁ እስኪመሽ ቆየ። በመጨረሻ ከቦዩ የሚጠጣ ሁሉ ለጠባቂው ቁና እንዲያዋጣ ተወሰነ፤ ብዙ የሚጠጣ ብዙ ያዋጣል። ተራ የሚጠይቅ ለተቀመጡት ምሳ አንድ ዶሮ ያመጣል፤ ከዚያ በላይ የለም። ጉዳዩ በሽማግሌ ጉድለት ከተጓተተ ደግሞ በሚቀጥለው ሽማግሌዎቹ ከየቤታቸው በልተው ይመጣሉ። ሀብታሙ ሰው ቁናውን እየተራገመ ሰፈረ፤ ጠርዙ ላይ ደርሶ እንዳይተርፍ በመዳፉ እየደመደመ።

የመጤው ጉዳይ በሳምንቱ ታየ። ያን ቀን ዶሮም አላስመጡትም፤ ሽማግሌዎቹ አፍረው ከቤታቸው ቆሎ ይዘው ነበር። መሬት አለህ? አለኝ። ቦይ ጠርገሃል? ጠርጌያለሁ። የሚያውቅህ ማነው? መንደሩ በሙሉ እጁን አወጣ፤ የተጣሉት ሁለቱ ምስክሮችም ጭምር። ሐሙስ ከሰዓት ያንተ ነው አሉት። ቆሎው ገና ግማሽ ነበር።

መጤው ከመቀመጫው አልተነሣም። የቀረ ነገር ያለ መስሎት ጠበቀ። ኋላ «ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው» አሉት።

እንግዲህ ደስ ሊለው ይገባ ነበር አይደል? ኋላ ደስ ብሎታል። ያን ጊዜ ግን መጀመሪያ የመጣበት እንባ ነው፤ የደስታም አይደለም። አምስት በግ፣ ስድስት ዓመት፣ የደረቱ ግማሽ፣ ለግማሽ እፍኝ ቆሎ ሥራ። ሐሙስ ከሰዓት ቦዩን የከፈተችው ልጁ ናት፤ እሱ ጎንበስ ማለት አልቻለም። ውሃው ድንጋዩን እያለፈ ወደ መሬቷ ሲገባ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ አየው። መሬቷ አልኩህ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሷ ናት።

በል እንግዲህ ቃልአብ። ቦዩ አንተ ያለህበት አገር ነው። ተራው የዜግነት ወረቀቱ ነው። በጉ በመስኮት የምትቀበለው ክፍያ ነው። ይከፈል ወይ ካልከኝ፣ ይከፈል፤ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ጦሙን አይውልም፤ ዶሮዋ ትምጣ፤ ከዶሮዋ ጋር ጠብ የለኝም። ግን አንተው ነህ ባለፈው የኛ መሥሪያ ቤት ከመንግሥት ካዝና ምንም አይነካም፣ የሚተዳደረው አመልካቾቹ በሚከፍሉት ነው ብለህ የነገርከኝ፤ ያውም እንደ ጥሩ ነገር አድርገህ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ ያልተዋጠልኝ። ደጅ በሚያንኳኳ ሰው የሚተዳደር ቤት በሩን ለመክፈት አይቸኩልም። ክፋት አያስፈልገውም፤ ሆዱ ይበቃዋል። አለቆችህን አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው፤ ነገ የሚያንኳኳ ቢጠፋ የኔን ደሞዝ ማን ይከፍላል በላቸው። «ቤት ውስጥ ያለነው ሁላችን» ካሉህ ክፍያው ልክ ነው። ዝም ካሉህ በግ እየበላችሁ ነው።

አንተን የቦይ ጠባቂው አድርጌሃለሁ፤ አትቀየመኝ። ጠባቂው ጥሩ ሰው ነበር፤ አንተም ጥሩ ልጅ ነህ። ዋጋውን አልተመንከው፤ ልትቀንሰውም አትችልም። ነገ መስኮቱን ስትከፍት ግን ከፊት ለፊትህ ለቆመው ሰው ወንበር ስጠው። እየለመነህ አይደለም የቆመው፤ እያበላህ ነው።